አነሳዋለሁ

ጥርስ ሠሪው የተገኘው ከብረት ደረጃው ሥር ነው፤ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ። ጭንቅላቱ ያረፈበትን ወለል ላላየ ሰው፣ ሥራ ደክሞት ጋደም ያለ ነበር የሚመስለው። ስልኩ ከእጁ አምልጦ መደርደሪያ ሥር ገብቷል። መስተዋቱ ደቅቆ አልበራ ብሏል።

በክፍሉ ዙሪያ መደርደሪያ ሙሉ ጥርስ አለ። የላይኛው መንጋጋ፣ የታችኛው መንጋጋ፣ ያልተወለወለው፣ ቀለም ያልነካው፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። ሳጅኑ እዚያ መቆም አልሆነለትም።

«ይስቁብኛል አለቃ» አለ፣ ወደ በሩ እያፈገፈገ።

መርማሪዋ ቀና ብላም አላየችው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቃል በቃል» ነው የሚሏት፤ በፊቷ ሳይሆን ከጀርባዋ። ምስክር መጥቶ «እንዲህ ዓይነት ነገር ሲል ሰማሁት» ካላት አለቀለት፤ «ምን ዓይነት? ቃል በቃል ንገረኝ» ብላ ነፍሱን ታወጣዋለች። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ሬሳውም አንድ ሆኖባታል። አታዝንም፣ አትናደድም፣ የሰው ንግግር ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ይቀራል። እሷም ይህንን አልጠላችውም፤ ለሥራ ይመቻል።

ሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ የላስቲክ ሳህን ነበር። ውስጡ ጀሶ ተበጥብጦ፣ ማማሰያው እንደተተከለበት ደርቋል። ማማሰያውን ስትስበው ሳህኑ አብሮ ተነሳ። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ የቆመችውን፣ የጥርስ ቅርጽ በሰም የምታወጣውን ሰም ሠራተኛ ጠራቻት። ሰም ሠራተኛዋ አዲስ ናት፤ የመጀመሪያ ደሞዟን እንኳ አልተቀበለችም። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

«ይሄ ጀሶ እስኪደርቅ ብዙ ይቆያል?»

«ኧረ የት! ከተበጠበጠ ፋታ አይሰጥም። ወዲያው ካላፈሰሱት ተበላሸ ነው።»

«አለቃሽ አያውቅም ነበር ማለት ነው?»

«እሳቸው?» ሰም ሠራተኛዋ ድንጋጤዋን ረስታ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «እሳቸው ጀሶ በጥብጠው ስልክ እንኳ አያነሱም። ቤቱ ቢቃጠል አፍስሰው ነው የሚወጡት።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተዉት?»

«እንጃ» አለች። እውነትም አታውቅም።

ሳጅኑ ግን ሁሉንም ያውቃል። «ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ በሩ ላይ ሆኖ። «ደረጃው የሚያወጣው ላይኛው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሟቹ ደረጃው ላይ ከወንድ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ጠዋት በሕንፃው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሟቹ፣ ይህቺ ልጅ፣ ዕቃ ገዢዋ እህቱ፣ ጥርስ የሚያደርሰው ታናሽ ወንድሙ። ከሁለቱ ሴቶች ሌላ ያለው ወንድ አንድ ነው። ይዘነዋል። ምክንያቱም ታውቋል፤ ፈቃድ ተሰርዞበት ነው።»

«የምን ፈቃድ?»

«የዓመት ፈቃድ ነዋ! ኮምፒውተራቸውን የሚሠራላቸው ፕሮግራመር በስልክ ነግሮኛል፤ ‹ዛሬ ጠዋት ፈቃዱ ተሰርዟል› ብሎ።»

«በዓመት ፈቃድ ሰው ይገደላል?»

«እኔ ራሴ ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ» አለ ሳጅኑ። «ብዙም አልፈርድበትም። ለማንኛውም አዛዡ ነገ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብለዋል።»

መርማሪዋ ወደ ሰም ሠራተኛዋ ተመለሰች። «ምን ሲል ሰማሽው? የገባሽን አይደለም። ያለውን።»

ሰም ሠራተኛዋ ዓይኗን ጨፈነች። «ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ነበር። ከላይ ሰው የተናገረ መሰለኝ፣ ቃሉ ግን አልተሰማኝም። እሳቸው በክፍሌ በር ፊት ሲያልፉ ግን ሰማሁ። ‹መጣሁ አንተ! አነሳዋለሁ አልኩህ እኮ!› አሉ።»

«እየተቆጣ?»

ልጅቷ አሰበች። «ጮክ ብለው ነው። ቁጣ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ የሚወድቅ ነገር ሰማሁ።»

መርማሪዋ ቃሉን እንዳለ ያዘችው፤ መጣሁ አንተ፣ አነሳዋለሁ አልኩህ እኮ።

ፕሮግራመሩ የሚሠራው የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ሟቹ ሲሞት ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ስብሰባ ላይ እንደነበር አሥር ሰው መስክሮለታል። ቀጭን፣ ፂሙን የረሳ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ከሰውየው ይልቅ ስክሪኑን የሚያይ ሰው ነው።

«የዓመት ፈቃድ?» አለ። «አይ፣ አይ። ሳጅኑ አልገባውም። የማውጣት ፈቃድ ነው። ለጥርስ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የሚከፍሉት በኢንተርኔት ዶላር፣ በቶከን ነው። ቶከኑ ያለው በሟቹና በሚስቱ ዋሌት፣ በስልክ ላይ ባለ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ በስልካቸው፣ በሁለቱም ፊርማ ነው የሚከፈተው። ለእያንዳንዷ ሣጥን ሰም እየተፈራረሙ እንዳይውሉ ስማርት ኮንትራት ሠራሁላቸው።»

«እንደማያውቅ ሰው ንገረኝ።»

«ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ውል ነው። ዳኛ የለው፣ ይሉኝታ የለው፣ እንደተጻፈ ይፈጽማል። ባለቤቱ ‹ከዋሌቴ እስከዚህ ድረስ እንድታወጣ ፈቅጃለሁ› ይለዋል። በቃ፣ ውሉ እስከዚያ ድረስ ብቻ ያወጣል። ፈቃዱ ካልተሰረዘ እንደተሰጠ ይኖራል። አፑን ቢዘጉት፣ ስልኩን ቢሰብሩት፣ ባለቤቱ ቢሞት እንኳ…» አፉን ያዘ።

«ቢሞት እንኳ» አለችው፣ እንዲቀጥል።

«ለመሰረዝ ዜሮ ብሎ መጻፍ ነው። መስጠትም መንሳትም አንድ ቁልፍ ነው፤ ልዩነቱ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ዛሬ ጠዋት ዜሮ ተጽፏል። ብሎክቼን በሚባለው ክፍት መዝገብ ላይ ስለሆነ ማንም ያየዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ሰው ከላይ ግምጃ ቤት ካለው ታብሌት ክፍያ ሞከረ። ውሉ ‹የተፈቀደው መጠን ዜሮ ነው› ብሎ መለሰው።»

«ማን ነው የሞከረው?»

«ታብሌቱ የጋራ ነው። እህትየዋ ዕቃ ትገዛበታለች፣ ወንድምየው የቫኑን ወጪ ይከፍልበታል። ውሉ ታብሌቱን እንጂ ጣቱን አያውቅም። የተላከበትም አድራሻ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለውም።» ስክሪኑን እያየ ቅንድቡን ሰበሰበ። «የሚገርመው፣ በጣም ትልቅ ክፍያ ነው። በድሮው ገደብ እንኳ አያልፍም ነበር።»

«አያልፍም ነበር?»

«በፍጹም።»

ሳጅኑ መኪናው ውስጥ «ሌባ ነዋ!» አለ። «የወንድሙን ዋሌት ሊያራቁት ነው።» መርማሪዋ ግን የማያልፍ መሆኑን እያወቀ ማን ይሞክራል ብላ ነበር የምታስበው።

የሟቹ እናት ቤት ዝም ብሏል። ወንበሩ ሁሉ ግድግዳ ይዞ፣ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት እያየ። የሚያለቅስ የለም። እናትየው መሀል ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ መርማሪዋ ሳትቀመጥ እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ አንዱን ሞት ወሰደብኝ። ሌላውን እናንተ አትውሰዱብኝ።»

«እማማ፣ የምወስደው ያደረገውን ሰው ነው።»

«እሱ አላደረገም። ስለዚህ አትወስጂውም። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል አልገባችም። ግን እጇንም አላስለቀቀችም። «ትናንት ልጆችዎ ተጨቃጭቀዋል ይባላል።»

«ልጆች አይደሉም እንዴ፣ ምን ይደረግ! ሦስቱም እዚሁ እራት በሉ። አንዱ ‹ወይ ገደቡን አንሳው፣ ወይ ፈቃዱን አንሳውና ልረፍ! ለማኝ አደረግከኝ እኮ!› ይላል። ታላቅየው ደግሞ ይስቃል። ‹እሺ፣ ነገ አነሳዋለሁ› አለ። አለቀ። በሰላም ተለያዩ።»

ሳጅኑ ይጽፋል።

«የትኛውን?» አለች መርማሪዋ።

«የትኛውን ልጅ?»

«አይ። አነሳዋለሁ ያለው የትኛውን ነው? ገደቡን ወይስ ፈቃዱን?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ‹አነሳዋለሁ› ነው ያለው።»

«‹አንዱ› ያሉትስ ማን ነው?»

እናትየው የሳጅኑን ብዕር አዩ። «ልጆቼ ናቸው አልኩሽ» አሉና ከንፈራቸውን ገጠሙ።

የሟቹ ሚስት አስተማሪ ናት። ማዕዘን ላይ፣ ጠመኔ የነካው ሹራቧን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው፣ ፊቱ ወደ ታች። ሞቱ ከተነገራት ወዲህ አላየችውም። መርማሪዋ ዝቅ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጠዋት አንድ ነገር ፈርመዋል?»

«ፈርሜ ይሆናል። ይልክልኛል፣ እፈርማለሁ። ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ነው የሚልክልኝ። አንዱን በእረፍት ሰዓት ፈረምኩና ክፍል ገባሁ።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ይመስል ነበር። «ከዚያ ርዕሰ መምህሩ በሩን አንኳኳ።»

ከወጥ ቤት ዕቃ ገዢዋ እህት ውሃ ይዛ ወጣች። ሸሚዟ ተተኩሷል፣ ጸጉሯ ተሰብስቧል፤ ለሁሉም ብርጭቆ በየተራ ሰጠች። ወንድሟ የጥርሱን እጅ ነበረው፣ እሷ ደግሞ የቤቱን ጭንቅላት፤ ይህን ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል።

«አንተ ልጅ፣ አረፍ በል እንጂ!» አሉ እናትየው። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም።»

መርማሪዋ ማን ገባ ብላ ወደ በሩ ዞረች። በሩ ዝግ ነበር። ዕቃ ገዢዋ ትሪውን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ታች፣ ቢሮ።»

«ምንም አልሰሙም?»

«ያ ኮምፕሬሰር ከተነሳ ሰው ቢታረድ አይሰማም።» ያለችው ነገር ለራሷም ቀፈፋት መሰለኝ፣ ውሃ ተጎነጨች።

«ትናንት ‹ገደቡን አንሳው› ያለው ማን ነበር?»

«ሁላችንም ስንለው ነበር። ወጪው አንድ ነው፣ ገደቡም አንድ ነው።» ብርጭቆውን አስተካክላ አስቀመጠች። «አዲስ የጥርስ መተኮሻ ምድጃ ልናስመጣ ነበር። አሁን ምን ዋጋ አለው!»

ታናሽየው የታሰረበት ክፍል ጠባብ ነው፣ እሱ ደግሞ ሰፊ ነው። ወንበሩ ውስጥ በግድ ነው የገባው።

«ከቫኑ ጋር ነበርኩ። ሣጥን እየጫንኩ። ማን አየህ ካሉኝ ማንም አላየኝም፤ ሣጥን ሲጫን ማን ያያል?»

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችኋል?»

«እኔና እሱ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «እሱ እኮ ከወፈርኩ ወዲህ ‹አንቱ› ነው የሚለኝ። ሠራተኛ ፊት! ‹አንቱ፣ ሆድዎን ይዘው ወደዚህ ብቅ ይበሉ› ይለኛል። ስንቴ ለመንኩት፣ ‹ኧረ በሰው ፊት ተው› ብዬ። ‹እንዴት ይሆናል፣ ትልቅ ሰው አይደፈርም› ይላል። በዚህ ከሆነ የምጣላው በየቀኑ…» ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። «አልገደልኩትም። በምን ልማልልዎት? አልገደልኩትም።»

«ከመውደቁ በፊት የተናገረው ተሰምቷል።»

«ምን አለ?»

«‹መጣሁ አንተ! አነሳዋለሁ አልኩህ እኮ!›»

ታናሽየው አፉ ተከፍቶ ቀረ። «እንደዚያ ነው ያለው? ‹አንተ› ብሎ?»

«ቃል በቃል።»

ለረጅም ጊዜ እጁን አየ። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ «እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ። «ጻፉት። እኔ ነኝ የገፋሁት።»

ሳጅኑ በደስታ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። መርማሪዋ ግን እየተነሳች ነበር። «ነገ ጠዋት ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው። «እዚያው፣ ጥርሶቹ ጋ። እሱንም ጨምረህ።»

ጠዋት ሁሉም መጡ። እናትየው በክፍሉ ባለው ብቸኛ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ሚስትየው መደርደሪያ ተደገፈች፣ ሰም ሠራተኛዋ በሩ ሥር፣ ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩን ታቅፎ። ዕቃ ገዢዋ ከእናቷ ጀርባ ቆመች። ታናሽየው ካቴናውን እንዳጠለቀ ገባ፣ እናቱንም እህቱንም አላያቸውም። ደረጃውን ማንም አላየውም።

«ይህ ሰው ትናንት አምኗል» አለች መርማሪዋ። እናትየው ጮኹ፤ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመቻቸው። «አምኗል፤ ግን ዋሽቷል። ወንድሙ የተናገረውን ቃል እስካነብለት ድረስ አልገደልኩም ብሎ ሲምል ነበር። ቃሉን ሲሰማ ገደልኩ አለ። ሰው የራሱን ጥፋት ሲሰማ ይክዳል እንጂ እንዲህ አይገለበጥም። ቃሉ ለእሱ የነገረው ስለ ሌላ ሰው ነው።»

«አለቃ፣ ‹አንተ› እኮ ነው ያለው» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

«ለእሱ ቢሆን ‹አንቱ› ይለው ነበር። ‹መጣሁ አንቱ፣ አነሳዋለሁ አልኩዎት እኮ› ይል ነበር። ከወፈረ ጀምሮ ሌላ ነገር ብሎት አያውቅም። አንቺ፣» ወደ ሰም ሠራተኛዋ ዞረች፣ «ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አለች ልጅቷ፣ ገና አሁን ገብቷት። «አዎ፣ አንቱ ነው የሚሉት። ሁላችንም እንስቃለን።»

«ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሟቹ ጀሶ በጥብጦ ነበር። ጀሶ በጥብጦ ስልክ አያነሳም ተብሏል። ትናንት ግን ጀሶውን ተወው፤ ስልኩን ይዞ ወጣ። ከላይ ጠርተውት ነው፤ የጠራውም ጀሶ የሚያስጥል ሰው ነው። ላይ የነበረው ሰው ደግሞ ታብሌቱ ላይ ነበር። ክፍያ ሞክሮ፣ ውሉ ‹የተፈቀደው ዜሮ› ብሎ መልሶታል። አሁን አስቡት፤ የተሞከረው ክፍያ በድሮው ገደብ እንኳ አያልፍም። ሌባ ቢሆን የሚያልፈውን ያህል ነበር የሚወስደው። ይህ ሰው ገደቡ ትናንት ጠዋት ይነሳል ብሎ ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው። በዋዜማው ማታ ‹ወይ ገደቡን አንሳው፣ ወይ ፈቃዱን አንሳው› ብሎ፣ ‹ነገ አነሳዋለሁ› የተባለው ሰው። ለቫን ወጪ ያን ያህል አይከፈልም። ለምድጃ ግን ይከፈላል።»

ሳጅኑ ወደ ዕቃ ገዢዋ ዞረ።

«እሷማ ሴት ናት» አለ ሳጅኑ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል። «‹አልኩሽ› ነበር የሚላት።»

«እማማ» አለች መርማሪዋ። «ትናንት ልጅዎን ‹አረፍ በል› ሲሏት፣ ወንድ የገባ መስሎኝ ዞሬ ነበር።»

«ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው» አሉ እናትየው። «የፍቅር ነው። ሰው አንድ ሴት ልጁን ሲያቆላምጥ ‹አንተ› ይላታል፣ ምን ነውር አለው? ወንድሟም ከኔ ሰምቶ እስከ ዛሬ ‹አንተ› ነው የሚላት፣ ቤቱ ሁሉ…» አሉና እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ዘግይቶ ነበር።

ታናሽየው «እማዬ» ብቻ አለ።

ዕቃ ገዢዋ የእናቷን መቀመጫ ጀርባ ይዛ እንደቆመች ነው። ስትናገር ድምፅዋ ሳህን ቁጠሪ የተባለች ያህል ደረቅ ነበር። «የምድጃውን አቅራቢ ስንት ጊዜ ‹ነገ› ብዬዋለሁ። ስሜን አስይዤ። ይህ ቤት በኔ እግር ነው የቆመው፤ ግን አንዲት ነገር ለማዘዝ እንደ ሕፃን እጄን መዘርጋት አለብኝ። ማታ ለመንኩት፣ ሳቀብኝ። ጠዋት ታብሌቱን ስከፍት ዜሮ። የነበረችኝን ትንሽ ፈቃድ እንኳ ወስዷታል። ጠራሁት። እየሳቀ ወጣ። ‹አነሳዋለሁ አልኩህ እኮ!› አለኝ፣ ስልኩን ወደኔ እየዘረጋ። ፈቃዱን እንዳነሳው ሊያሳየኝ መሰለኝ። ደረቱን ገፋሁት።» መቀመጫውን ለቀቀች። «አንዴ ነው። እንዲወድቅ አይደለም፤ እንዲሄድልኝ ነው።»

«ወንድምሽ ሲታሰርስ?»

«ምንም ስላላደረገ ይለቁታል ብዬ ነበር።»

«እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል።»

ወንድሟን አየችው። እሱ አላያትም።

መርማሪዋ እዚህ ላይ ልትተወው ትችል ነበር። ያመነ ተገኝቷል፤ ሳጅኑ ካቴናውን እያወጣ ነው። ግን አንድ ቃል ትርጉሙ ሳይገኝ መተው አልለመደባትም፤ ይህ ጥሩ ጠባይ ይሁን ክፉ እኔ አላውቅም። ወደ ሚስትየው ዞረች።

«ባለቤትዎ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት እንደሚልክልዎ ነግረውኛል። ትናንት አንዱን ፈርመው ክፍል ገቡ። ሁለተኛውን አይተውታል?»

ሚስትየው ስልኳን ከኪሷ አውጥታ እንደማታውቀው ዕቃ አየችው። ከፈተችው። ከሐዘን መልእክቶች ሥር ፈለገች።

«አለ» አለች። «‹የወጪ ውል። የሚፈቀደው መጠን፦ ያለ ገደብ። እሱ ፈርሟል፤ የእርስዎ ፊርማ ይጠበቃል።›»

«ያለ ምን?» አለች ዕቃ ገዢዋ።

«ያለ ገደብ።»

«ዜሮ ነው ያደረገው። አይቼዋለሁ እኮ። ዜሮ!»

ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩን ይበልጥ ታቀፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አየ። «መጀመሪያ ዜሮ ይደረጋል» አለ። «ገደብ ሲቀየር ማለት ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ቀጥታ ከተሄደ፣ በመሀል ገብቶ አሮጌውንም አዲሱንም ደራርቦ የሚያወጣ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይሰጣል። ጥንቁቅ ሰው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

«ገደቡን ነበር» አለች መርማሪዋ። «አነሳዋለሁ ያለው ገደቡን ነበር። ዜሮው ግማሽ መንገድ ነው። የቀረው የሚስቱ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሱን ሲጠብቅ ጀሶ በጠበጠ። ስልኩን ይዞ የወጣው ሁለተኛውን ሊያሳይሽ ነው።»

ዕቃ ገዢዋ ወደ ሚስትየው ዞረች። ሚስትየው ስልኩን ዘርግታላት ነበር፤ ልትወስደው እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። መርማሪዋ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ከእናቷ ቀብር ወዲህ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የምታየው ነው። ምንም አልተሰማኝም ማለት ብትችል በወደደች ነበር። ተሰማት፣ አመማት፣ ምንም ማድረግ ግን አልቻለችም።

ሳጅኑ የታናሽየውን ካቴና ፈታ። ያንኑ ካቴና ለእህቱ አደረገው፤ ሌላ አላመጣም ነበር።

ዕቃ ገዢዋ ከእናቷ ፊት መጥታ ቆመች። እናትየው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ልጄን አትውሰዱብኝ ያሉለት ልጅ ነጻ ሆኖ አጠገባቸው ቆሟል፤ ወደ እሱ አልዞሩም። የልጅቷን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከሉላት። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሂጂ» አሏት። «አንቺ፣ ሂጂ በይ።»

ልጅቷ በዕድሜዋ ሙሉ ከእኚህ ሴት አፍ ለራሷ «አንቺ» ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችው ሴት ያን ጊዜ ጮኸች፤ ሳጅኑ ደግፎ አወጣት። ታናሽየው የተፈታ እጁን እያሸ፣ በእናቱና በበሩ መካከል ቆሞ ቀረ።